የረከቦቱ መሳቢያ በክረምት አልከፈት አለኝ፤ መጀመሪያ የትኛውን ዕቃ ልግዛ?

ብሩክ ከኮልፌ
ሐምሌ 11፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንጨት ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነኝ ነው። መተዳደሪያዬ ሌላ ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ግን ግቢያችን ውስጥ ባለች ሰርቪስ ክፍል እሠራለሁ። ክፍሏ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ናት። ድሮ ከሰል ነበር የሚቀመጥባት። አሁን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳ፣ የእጅ መጋዝ፣ ሁለት መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራና ከምናለሽ ተራ የገዛሁት አሮጌ መላጊያ አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ለእናቴ ረከቦት ሠራሁላት። ለገና እንዲደርስ ብዬ ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ። ላዩን ከእንጨት መሸጫ በገዛሁት የባህር ዛፍ ጣውላ ሠራሁት። መሳቢያው ደግሞ ከድሮ አልጋችን የተረፈ ዋንዛ ነው። ልክክ ብሎ ገባ። ወረቀት እንኳን አያስገባም ነበር። ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላኩ።

መጋቢት ላይ ላዩ ከዳር እስከ መሀል ተሰነጠቀ። ሰኔ ሲያልቅ ደግሞ መሳቢያው መክበድ ጀመረ። ባለፈው እሁድ እናቴ እንግዳ ጠርታ ስኒ ልታወጣ ስትስበው ጭራሽ አልከፈት አለ። እጀታው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ስኒው ውስጥ ስለቀረ ከጎረቤት ተበደርን። እሷ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ኤሌክትሪክ መላጊያ ልግዛ ወይስ የጠረጴዛ መጋዝ? ያለኝ መላጊያ እንጨቱን ይቦጭቀዋል እንጂ አይልገውም። ደህና ዕቃ ቢኖረኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ብዬ ነው።

ዳዊት ከጀሞ
ሐምሌ 11፣ ማታ 3፡05

ብሩክ ወንድሜ አይዞህ። ገና በጀመርክ ረከቦት መድፈርህ ራሱ ቀላል አይደለም። እኔ ቁም ሣጥንና የኩሽና ካቢኔት ሠርቼ ነው የምኖረው። ያለ ጠረጴዛ መጋዝ አንድ ቀን አልውልም። ኤምዲኤፍና ችፑድ (ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) በእጅ መጋዝ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ዕድሜ ይጨርሳል። ገንዘቡ ካለህ መጋዙን ግዛ። ኤሌክትሪክ መላጊያውን ግን ለትንሽ ሥራ አልመክርህም። ቶሎ ይበላል፤ አንዴ ካነሳ አይመለስም።

ስንጥቁን ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሰህ ሙላው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። አይታወቅም።

ጋሽ አናጺ ዘአዳማ
ሐምሌ 12፣ ጠዋት 1፡30

ብሩክ ልጄ፣ ገንዘብህን ለጊዜው አቆየው። ረከቦትህ ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንዱም በማሽን እጦት የመጣ አይደለም።

ስለ ላዩ ልጠይቅህ። ጣውላውን ስትገዛው ይከብድ ነበር? ስትቆርጠው ሰጋቱራው እጅህ ላይ ይጣበቅ ነበር? ከሥሩስ ዙሪያውን በኮላና በብሎን ጥርቅም አድርገህ አስረኸዋል? እንዲህ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። እርጥብ ጣውላ ነው የሸጡልህ። በበጋው ደረቀ። እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ ምንም አይሆንም ማለት ይቻላል፤ ወርዱ ግን ይጠባል። ያንተ ጣውላ ሊጠብ ፈለገ፣ ብሎኑ አልለቅም አለው። መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ።

የመሳቢያው ተቃራኒው ነው። የአልጋው ዋንዛ ስንት ዓመት ቤት ውስጥ የኖረ ደረቅ እንጨት ነው። በታኅሣሥ ደረቅ አየር ወረቀት እንዳያስገባ አድርገህ ገጠምከው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጣና አበጠ። 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ ከበጋ እስከ ክረምት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይችላል። አንተ ደግሞ ምንም ቦታ አልተውክለትም።

አንድ ነገር ልገምት። ስንጥቁ ከመጋቢቱ ይልቅ አሁን ጠብቧል።

ብሩክ ከኮልፌ
ሐምሌ 12፣ ጠዋት 2፡10

ጋሼ፣ እንዴት አወቁ? አሁን ሄጄ አየሁት። መጋቢት ላይ የሳንቲም ጠርዝ ይገባበት ነበር። አሁን ጥፍሬም አይገባም። ጣውላውም እንዳሉት ከባድ ነበር። ለሁለት ነው ተሸክመን ያስገባነው። ብሎኑ ስምንት ነው፣ ኮላውም ዙሪያውን አለ።

ምን ላድርግ ይላሉ?

ጋሽ አናጺ ዘአዳማ
ሐምሌ 12፣ ማታ 1፡45

ከሥራ አሁን ገባሁ። ላስረዳህ።

በመጀመሪያ ሰጋቱራና ኮላውን ተወው። ዳዊት፣ አንተ የምትሠራው በኤምዲኤፍ ነው፤ እሱ ከአየሩ ጋር በወርዱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ለትንሽ ቀዳዳም ያልከው ይሠራል። በጋ የሚከፈት ክረምት የሚዘጋ ስንጥቅ ላይ ግን አይሆንም። በበጋ ድፍኑ ይለቃል። በክረምት ደግሞ እንጨቱ ሲያብጥ ድፍኑ እየገፋው ስንጥቁን ያስረዝመዋል።

ብሩክ፣ ብሎኖቹን ፍታቸው። ኮላውን በቀጭን መሮ ቀስ እያልክ አላቀው። ከዚያ ከሥር ባለው ፍሬም ላይ የኋላዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች ሞላላ አድርጋቸው። በጣውላው ወርድ አቅጣጫ፣ ወዲያና ወዲህ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የፊቶቹን ክብ እንደሆኑ ተዋቸው። ያኔ ላዩ ከፊት ይያዛል፣ ወደ ኋላ እንደፈለገ ይሄዳል ይመጣል። ኮላ አትንካበት።

መሳቢያውን መላግ ያለብህ አሁን ነው። ብዙ ሰው በጋ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ስህተት ነው። እንጨቱ ያበጠው አሁን ነው። በሐምሌ ሳይታገል የሄደ መሳቢያ በጥር አይጣበቅም። ለማውጣት የኋላውን ክዳን ክፈትና በቁራጭ እንጨት ላይ በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው። ከዚያ ጎኖቹን በእርሳስ አጥቁራቸው። አንዴ አስገብተህ አውጣው። እርሳሱ ተሽቶ የሚያብረቀርቅበት ቦታ ነው የሚይዘው። እዚያ ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ ላግ፣ ደግመህ ሞክር። አትቸኩል። ሲያልቅ ጎኑንና ሥሩን በጧፍ እሸው። ሰም የመሰለ ነገር የለም።

ግን ይህን ሁሉ የሚቦጭቅ መላጊያ ይዘህ አትሞክረው። ወለላ እዚህ ካለች እሷ ከኔ በተሻለ ታስረዳሃለች፤ ማስተማር ሥራዋ ነው።

ወለላ (ባህር ዳር)
ሐምሌ 12፣ ማታ 4፡00

አለሁ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ብሩክ፣ መላጊያ የሚቦጭቀው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ደንዟል፣ ወይ በተቃራኒው እየላግክ ነው። የከብት ጸጉር ወደ ጅራቱ ስትዳብሰው ይተኛል፣ ወደ ራሱ ስትዳብሰው ይቆማል። የእንጨት ጅማትም እንደዚያው ነው። የጣውላውን ጎን እይ፤ ጅማቱ ወዴት እንደሚወጣ ይታያል። ወደሚወጣበት አቅጣጫ ላግ። ከቦጨቀ ጣውላውን አዙረው።

አሁን ስለ ስለቱ። ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው። ከመስኮት የተረፈ ወፍራም መስታወት ፈልግ። ጠፍጣፋ ነው ብለህ ከምትምልበት ጣውላ ይልቅ መስታወት ይታመናል። ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አርጥበህ ላዩ ላይ ለጥፍ። የውኃ የሚባለውን ጥቁሩን ወረቀት ግዛ። ከቁጥር 220 ጀምር፣ ከዚያ 400፣ 800፣ 1200፣ ካገኘህ 2000።

ብረቱ ዝገት ካለው ለአንድ ሌሊት አቸቶ ውስጥ ዘፍዝፈው። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገህ፣ በደንብ አጥበህ፣ ወዲያው አድርቀህ ዘይት ቀባው። ቢዘገይ እንደገና ይዝጋል።

መጀመሪያ የብረቱን ጀርባ መስታወቱ ላይ ልጥፍ አድርገህ ፈግፍግ። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። ስለት የሁለት ገጽ መገናኛ ነው። ጀርባው ጎድጓዳ ከሆነ ፊቱን ዓመት ብትስለው ዋጋ የለውም። ሁሉም ባይሆን ከአፉ ጫፍ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እኩል ማብረቅ አለበት።

ቀጥሎ የተዳፋውን ገጽ። የተለመደው 25 ዲግሪ ነው። መለኪያ ከሌለህ በማስመሪያ ትለካዋለህ። ብረትህ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ተዳፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 5 የማይሞላ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የምትቆየው ጠርዙ ከጀርባው በኩል እስኪታጠፍ ነው። አውራ ጣትህን ከጀርባው ወደ ውጭ ሳብ አድርገው፤ እንደ ቀጭን ክር የሚይዝህ ነገር ይሰማሃል። ከዳር እስከ ዳር ካልተሰማህ ወደሚቀጥለው ወረቀት አትሂድ። ጣትህን በስለቱ ርዝመት እንዳትጎትት አደራ። በመጨረሻው ላይ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ወደ ኋላ እየሳብክ ያቺን ክር አስወግድ።

ሲያልቅ የክንድህን ጸጉር ይላጫል። የበለጠው ፈተና ግን ድምፁ ነው። የደነዘ መላጊያ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። የተሳለ "ሽሽሽ" ብሎ ነው የሚያልፈው። ጥቅልሉም በብርሃን ስታየው ያሳልፋል።

መልሰህ ስትገጥመው ከላይ የሚታሰረውን ሁለተኛ ብረት ከአፉ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀረው። አፉንም ጸጉር ያህል ነው የምታወጣው። ጀማሪ ሁሉ አብዝቶ ያወጣል።

ናሆም
ሐምሌ 13፣ ጠዋት 3፡15

ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ልበል። የእንጨት ቤቱ ግማሽ ቃል ጣሊያንኛ መሆኑን አስተውላችኋል? ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ካቻቪቴ፣ ሴጌቶ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሰጋቱራ፣ ቶርኖ። መላጊያንም ፒያላ የሚለው ብዙ ነው። መሮ፣ መጋዝ፣ መዶሻና ሞረድ ግን የራሳችን ሆነው ቀርተዋል። ከአያቴ ጋር መሮ ስስል ነው ያደግሁት። ቃሉን ስሰማ ደስ ይለኛል።

ሰናይት (ቨርጂኒያ)
ሐምሌ 13፣ ማታ 2፡50

ብሩክ፣ ዕቃ ከውጭ ላስመጣ ብለህ ካሰብክ ከማዘዝህ በፊት ይህንን አንብብ። እኔ ጋራዤ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ላለው ወንድሜ ማለስለሻ ማሽንና የጠረጴዛ ሞላ (ብረት መሳያ ማሽን) ይዤ ሄድኩ። በሻንጣ ስንት ኪሎ ከፍዬበት። ማለስለሻውን ሰካው። ጮኸ፣ ሸተተ፣ ጭስ ወጣ፤ አለቀ። አንድ ደቂቃም አልሞላ።

አሜሪካ ግድግዳው 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። ስለዚህ ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ማሽኑ ከሚፈልገው ዋት በላይ የሚችል ይሁን። እሱም ቢሆን ሁሉንም አያድንም። እዚህ ሞገዱ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚያ 50። ድሪል፣ የእጅ ሰርኩላርና ግራይንደር ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ስለሆነ ብዙም አይጎዳው። ሞላና ትልልቅ የጠረጴዛ መጋዞች ላይ ያለው ሞተር ግን ሌላ ዓይነት ነው። ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ገደማ ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። ቮልቱን አውርደን ሞላውን ስንሞክረው ያየነው ይህንን ነው። ሠራ፤ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ እጅ አያስነካም ነበር።

በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ከሚል ያለ ሐሳብ ይሰካል። 120 ብቻ ከሚል አይሰካም። አሁን ለወንድሜ የምይዝለት መሮና የእጅ መጋዝ ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

የሐዋሳ ልጅ
ሐምሌ 14፣ ቀን 6፡30

የእንጨቱን ነገር ልጨምር። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል። ሲደርቅ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለረከቦት ላይ ግራቪሊያ ብታገኝ ይሻልሃል። ቀለል ያለ ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ መልኩም ያምራል። እኛ ጋ የቡና ጥላ እየተባለ ስለሚተከል በደንብ አለ።

ዋንዛ ከሆነ እንዳንተ ከአሮጌ ዕቃ አውጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። በቂ ምክንያት ነበረው። አሮጌ አልጋና በር ውስጥ ያለው ዋንዛ ደግሞ ዛሬ ከምትገዛው የተሻለ የደረቀ ነው።

እርጥብ ጣውላ ከገዛህ ከመሬት አንሥተህ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባህ ደርድረው። ዝናብም ፀሐይም በቀጥታ እንዳያገኘው። ሁለቱን ጫፍ የተረፈ ቀለም ቀባው፤ ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከዚያ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው። የቆየ ልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። እኔ ቁራጭ ቆርጬ በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ እመዝናለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም የክፍሉን አየር ይዟል ማለት ነው።

ብሩክ ከኮልፌ
ሐምሌ 14፣ ማታ 3፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መስታወቱን አገኘሁ፣ ከጎረቤት የተሰበረ መስኮት። ወረቀቱን ነገ እገዛለሁ።

ሌላ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይ እህት አለች፣ የስድስት ወር ልጅ አላት። ስፈገፍግ አቧራው በሩ ስር ወጥቶ የታጠበ ልብሷ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ዳይፐሩን ስታራግፍ አየሁና አፈርኩ። በሩን ዘግቼ ብሠራ ደግሞ እኔ ራሴ ሌሊቱን ስስል አድራለሁ።

ወለላ (ባህር ዳር)
ሐምሌ 14፣ ማታ 4፡10

ይሄ ከመሳቢያው በላይ ቁም ነገር ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። ኤምዲኤፍና ችፑድ ላይ ደግሞ ኮላው ውስጥ ፎርማልዲሃይድ አለ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ኤን 95 የሚባለውን ግዛ። ክፍሏን በደረቁ አትጥረግ፣ ውኃ ረጭ አድርግ። ከእህቲቱ ጋር ተነጋገርና ልብስ የምታሰጣበትን ቀን እወቅ። በዚያ ቀን ሳል፣ ለካ፣ ቅረጽ። ፍግፈጋውን ለሌላ ቀን አቆየው። የእጅ መላጊያ ደግሞ ጥቅልል ነው የሚጥለው፤ አቧራ አያበንንም። የተሳለ መላጊያ ካለህ ፍግፈጋው ራሱ በግማሽ ይቀንሳል።

ማሽን ስትገዛ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። እኔ ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ እሠራለሁ። ከዓመታት በፊት ብርዳም ጠዋት ላይ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጥዬ ቆምኩ። ጫፉን ያዘው። ማጥፊያው በግራ እጄ አጠገብ ባይሆን ዛሬ ይህንን አልጽፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ፣ የእጅ ሰዓት ይዤ ክፍሉ አልገባም። ጓንትም አይደረግም። ጓንት የሚዞር ነገር ሲይዘው እጅን ይዞ ነው የሚሄደው።

ዳዊት ከጀሞ
ሐምሌ 15፣ ጠዋት 2፡40

ወለላ እውነትሽን ነው። ጓንቱን ዛሬ ለልጆቹ ከልክያለሁ። ጋሼ፣ የሞላላ ቀዳዳውን ነገር አላውቅም ነበር። አንድ የደንበኛ ጠረጴዛ በጥር ተሰንጥቆ መልሼ ሠርቼለታለሁ። ምክንያቱ አሁን ነው የገባኝ።

ጋሽ አናጺ ዘአዳማ
ሐምሌ 15፣ ማታ 2፡00

ዳዊት፣ እኔም የተማርኩት የሰው በር አበላሽቼ ነው። ለእንጀራህ ከሆነ መጋዙ ያስፈልግሃል፣ ትክክል ነህ። ብሩክ ግን በዓመት ሦስት አራት ዕቃ ነው የሚሠራው።

ብሩክ፣ ገንዘቡን እንዲህ አድርገው። የብርጭቆ ወረቀቱን ግዛ። አንድ ጥሩ ጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ጨምር። አራት ክላምፕ (እንጨት አጥብቆ መያዣ) ግዛ፤ ክላምፕ በዝቶበት የተቸገረ አናጺ አላየሁም። የቀረውን ለደረቅ እንጨት አስቀምጥ። በክረምት ሌላ ረከቦት አትጀምር።

ቅቡንም እንደገና ስትቀባ ለረከቦት ላይ ጠንካራ ቫርኒሽ ይሻላል። የጀበና ሙቀትና የቡና ጠብታ አለ። የተልባ ዘይት ያምራል፣ ግን ቶሎ አይደርቅም። ከተጠቀምክ የቀባህበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትወርውረው። ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ያለ እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። ገመድ ላይ ዘርጋው ወይም ውኃ ውስጥ ክተተው። ሰጋቱራ የሞላበት ክፍል ነው ያለህ።

ብሩክ ከኮልፌ
ሐምሌ 27፣ ማታ 1፡50

ጋሼ፣ ወለላ፣ መሳቢያው ሄደ!

ስለቱን ለመሳል ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ጀርባውን ብቻ አንድ ማታ። ያቺ ክር መጀመሪያ ጣቴ ላይ ስትይዘኝ ጮኽኩ፣ እናቴ ምን ሆንክ ብላ መጣች። ከዚያ ባህር ዛፍ ቁራጭ ላይ ሞከርኩት። "ሽሽሽ" አለ። ያንኑ የሚቦጭቀውን መላጊያ ነው እኮ!

የእርሳሱን ዘዴ ስሞክረው የያዘው በግራ በኩል ከኋላ ብቻ ነበር። እኔ ሙሉውን ልልግ ነበር። አምስት ጊዜ አስገብቼ አወጣሁት። ጧፉን እናቴ ራሷ ሰጠችኝ። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ስኒዎቹን መልሳ ደረደረች። ማቶቱንም እዚያው ውስጥ አስገባችው።

የላዩን ብሎን ፈትቼ ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርጌያለሁ። ስንጥቁን አልነካሁትም።

ጋሽ አናጺ ዘአዳማ
ሐምሌ 27፣ ማታ 2፡30

ጎሽ! እጅህ ይባረክ። ስንጥቁን እስከ ጥር ተወው። በደንብ ሲከፈት ከዚያው ከባህር ዛፉ ቀጭን ሽብልቅ አውጥተህ፣ ጅማቱን በቁመቱ አድርገህ፣ በኮላ ትገጥምበታለህ። አሁን ላዩ ነፃ ስለሆነ ሲያብጥ የሚከለክለው የለም። በገና ሰሞን የመሳቢያውን ክፍተት ለካና እዚሁ ጻፍልን።

ብሩክ ከኮልፌ
ታኅሣሥ 30፣ ጠዋት 4፡15

እንኳን አደረሳችሁ። ጋሼ ባሉት መሠረት ለካሁት። በግራ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ትንሽ አይሞላም፣ በቀኝ ግማሽ። አይንገጫገጭም፣ አይይዝም። የላዩ ስንጥቅ እንደገና ሳንቲም ያስገባል፤ ግን ከመጋቢቱ አንድ ጸጉር እንኳን ወደፊት አልሄደም። ሽብልቁን ቆርጬ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በየሳምንቱ እየመዘንኩት ነው፤ አሁንም ክብደቱ እየቀነሰ ነው።